ከጎጆ እስከ ጎጆ፤ የቅኔ ተማሪው መንገድ በጎጃም ደጋ

የዓባይ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደቡብ፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ ታጥፎ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞራታል። በዚህ መቀነት ውስጥ መካከሉን ይዞ የቆመው የጮቄ ተራራ ነው። ከፍተኛ ጫፎቹ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያልፋሉ። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃ ከዚሁ ተራራ ይፈልቁና ሸንተረሩን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። በተራራው ዙሪያ ደግሞ በደቡብ ደብረ ማርቆስ፣ በደቡብ ምዕራብ ደብረ ኤልያስ፣ በምሥራቅ ደብረ ወርቅና ዲማ፣ በሰሜን ምሥራቅ መርጡለ ማርያም፣ በሰሜን ሞጣ ተቀምጠዋል። እነዚህ ስሞች ለነጋዴው የገበያና የማረፊያ ስሞች ነበሩ፤ ለቅኔ ተማሪው ግን የአንድ ሰፊ ትምህርት ቤት ክፍሎች ነበሩ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያደርሰውም የብዙ ቀን የእግር መንገድ ነበር።

ስለ ቅኔ ብዙ ተብሏል። ሰሙና ወርቁ ተተንትኗል፤ የሊቃውንቱ ምጸትና ጨዋታ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአፍም ወደ መጽሐፍ ተላልፏል። ቅኔ የተወለደበት የኑሮ ሁኔታ፣ ማለትም ተማሪው የተጓዘበት መንገድ፣ ያደረበት ጎጆና የበላው ቁራሽ ግን ተገቢውን ትኩረት አግኝቷል ለማለት አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ለሳቅ ነው። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ፣ ውሻ የሚያሯሩጠው የቆሎ ተማሪ በጨዋታና በመድረክ ላይ የታወቀ ገጸ ባሕርይ ሆኗል። ነገር ግን ይህ አስቂኝ መስሎ የሚታየው መንገደኛ ለብዙ ትውልድ የአንድ ታላቅ የትምህርት ተቋም ምሰሶ ነበር። ተቋሙ ግምጃ ቤት፣ የተማሪ ማደሪያና ማዕድ ቤት ሳይኖረው እንዴት ኖረ ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በመንገዱና በመንገዱ ዳር በነበረው የገበሬ ቤት ነው።

ተማሪው ለምን ይሄዳል?

የቤተ ክህነት ትምህርት በአንድ ቦታ ተጀምሮ በዚያው የሚፈጸም አልነበረም። ሕፃኑ በሰፈሩ ደብር ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ዕውቀት የሚያገኘው በሩቅ ነው። ድጓ የሚመሰከረው በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ ቅዳሴ በዋድላ ሰለልኩላና በደብረ ዓባይ፣ አቋቋም በጎንደር ነበር። ቅኔ ሲነሣ ደግሞ የሁሉም ፊት ወደ ጎጃም ይዞራል። በቅኔ ስማቸው ከገነነው ከሦስቱ ቤቶች፣ ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዋድላ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ የሚገኙት በጎጃም ምድር ነው። ትውፊት የቅኔን ሥርዓት መጀመር ለዮሐንስ ገብላዊ ይሰጣል፤ የጎንጅንም ዝና ከተዋነይ ስም ጋር አያይዞ ያወሳል። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከጎንደር የተነሣ ተማሪ ሁሉ ይህን ዝና ሰምቶ ዓባይን ይሻገር ነበር።

ጎጃም ከደረሰ በኋላም አንድ ቦታ አይቀመጥም። እያንዳንዱ መምህር የራሱ የሆነ መንገድ አለው። አንዱ በአገባብ ይጠልቃል፤ ሌላው በምሥጢር ይራቀቃል፤ ሦስተኛው በግስ ሀብት ይታወቃል። ብልህ ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ የቀሰመውን ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል። በደብረ ኤልያስ የሰማውን በዲማ ይፈትናል፤ በዲማ ያልተፈታለትን በዋሸራ ይጠይቃል። ዘመናዊው ተማሪ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ ከመምህር ወደ መምህር እንደሚሸጋገር ሁሉ፣ የቅኔው ተማሪ ይህንኑ የሚያደርገው ተራራና ወንዝ እያቋረጠ ነበር።

ለመሄዱ ሌላም ምክንያት አለ። አባት ለእርሻ፣ እናት ለዓይኗ ማረፊያ የምትፈልገው ልጅ በአገሩ ተቀምጦ መማር አይሆንለትም። ከብት ይጠፋል፤ አዝመራ ይደርሳል፤ ዘመድ ይሞታል፤ ይዳራል። ስለዚህ ብዙው ተማሪ ከቤቱ የሚወጣው ተመርቆ ሳይሆን ተደብቆ ነው። ከወጣም በኋላ በአባቱ ስም መጠራቱ እየቀረ በመጣበት አገር ይጠራል፤ መንዜው፣ ሳይንቴው፣ ጋይንቴው ይባላል። ርስቱንና የዘር ሐረጉን በማያውቁ ሰዎች መካከል የሚመዘነው በሚዘርፈው ቅኔ ብቻ ነበር። የትውልድ ደረጃ ብዙ ነገር በሚወስንበት በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ትንሽ ነጻነት አልነበረም።

የመንገዱ ሥርዓት

ጉዞው በአብዛኛው የሚጀመረው ክረምቱ አልፎ ወንዞች ሲጎድሉ ነው። ተማሪው ብቻውን አይሄድም፤ ሁለት ሦስት ሆኖ ይነሣል። የሚይዘው ዕቃ ጥቂት ነው። ከበግ ቆዳ የተሠራው ደበሎ ቀን ልብሱ፣ ሌሊት መኝታው ነው። በትከሻው አኩፋዳ፣ በእጁ የውሻ መመከቻ ዱላ፣ በአኩፋዳው ውስጥ ቆሎና ድርቆሽ ይኖራል። መጽሐፍ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይዝም። ብራና ውድ ነው፤ ደግሞም የተማረው ሁሉ ያለው በልቡ ነው። ከዚህም የተነሣ የቅኔ ትምህርት ለእግረኛ የተስማማ ነበር። ሸክም አይሆንም፤ ዝናብ አያበሰብሰውም፤ ሽፍታ አይቀማውም።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚያልፍ ተማሪ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው በምሥራቅ በኩል የተራራውን ግርጌ ይዞ በየከተማውና በየደብሩ እያረፈ መዞር ነው። ይህ መንገድ ይረዝማል፤ ግን ሰው ያለበት፣ እህል ያለበት ነው። ሁለተኛው የጮቄን ጀርባ ቆርጦ ማለፍ ነው። በዚህ በኩል የጤፉ ማሳ ቀርቶ ገብሱ ይጀምራል፤ ገብሱም ይቀርና አስታው፣ ጓሳውና ጅብራው ብቻ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ አሥር እርምጃ የራቀው ጓደኛ አይታይም። ሌሊቱ ውርጭ ነው። ደገኛው እረኛ ገሣውን ለብሶ ከከብቱ ጋር ሲሸሽ፣ የቆላ ልጅ የሆነው ተማሪ ብርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያውቃል። ስለዚህ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ነባር ተማሪ ከፊት መኖሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር።

ከቀኑ ጉዞ ሁሉ አስጨናቂው ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ነው። መንገደኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤት ለእግዚአብሔር» ይላል። ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ካለ የመሸበት እንግዳ ገባ ማለት ነው። በአንዱ ቤት እግሩ ታጥቦ፣ እሳት ዳር መደብ ላይ ይተኛል፤ በሌላው ቤት ከጥጆች ጋር ጋጥ ውስጥ ያድራል። ሁለቱም ካልተገኘ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አለ። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጎጃም ደጋ ገበሬ ቤት ሰፊ አለመሆኑ ነው። አንድ ጎጆ ቤተሰቡን፣ እህሉንና አንዳንድ ጊዜም ከብቱን ይዟል። በዚህ ላይ ሦስት የማይታወቁ ልጆች ሲጨመሩ፣ የቤቱ ባለቤት የሚሰጠው ከተረፈው ቦታ ሳይሆን ከራሱ መኝታ ነው።

ከወዲያ ማዶ፣ ከበጌምድር በኩል ለሚመጣው ተማሪ ደግሞ ዋናው ፈተና ዓባይ ነው። ሸለቆው በብዙ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጎደጉዳል፤ ከውርጭ ወጥቶ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ በረሃ ሙቀት መግባት ግድ ነው። በሞጣ በኩል የሚገኘው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ ለብዙ ትውልድ መሻገሪያ ሆኖ ኖሯል። በፋሺስት ወረራ ዘመን ቅስቱ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በማዶ ባሉ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራው በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው ካለፉት መካከል ሥራቸው ከእህል ንግድና ከዘመድ ጥየቃ ውጭ የሆነ፣ አንድ መምህር ለመስማት ብቻ የመጡ ልጆችም ነበሩበት።

እርጥባን

ተማሪው ካሰበበት ጉባኤ ሲደርስ የሚጠብቀው ቀለብ የለም። መምህሩ፣ «የኔታ» ተብሎ የሚጠራው፣ ዕውቀቱን ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ምግብ ግን አይሰጥም። የደብሩ መሬት ገቢ ለአገልጋይ ካህናት የተመደበ እንጂ ከሩቅ ለመጣ ልጅ የሚደርስ አልነበረም። ስለዚህ ተማሪው በቀን ውስጥ የተወሰነውን ሰዓት ከመንደር መንደር ዞሮ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር አዋህዶ ይበላል፤ የተረፈውን አድርቆ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ተዝካርና ማኅበር ባለበት ቤት ደግሞ ጉባኤው በሙሉ ይጠግባል።

ይህ ልማድ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሃይማኖታዊ ትርጉሙ ብቻ ነው። ልመናው የትሕትና ትምህርት ነው፤ ትዕቢትን ይሰብራል ይባላል። ይህ አባባል እውነትነት አለው። ነገር ግን ጉዳዩን በኑሮ ዓይን ያየ ሌላም ነገር ይገነዘባል። በጎጃም ደጋ የነበረው ገበሬ ግብሩንና አሥራቱን ለመንግሥትና ለባለ ጉልት ይከፍላል፤ ለደብሩም ድርሻውን ያዋጣል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ከቀረው ላይ እንደገና በየቀኑ በደጁ ለሚቆመው ተማሪ ይቆርሳል። የፊተኛው በግዴታ የሚሰጥ ነው፤ የኋለኛው በፈቃድ። በግዴታ የተሰጠው የባለ ሥልጣኑን አዳራሽ ሲያሞቅ፣ በፈቃድ የተሰጠው ግን አንድ የትምህርት ሥርዓት አቆመ። የቅኔ ቤት በጀት ተብሎ ሊጠራ የሚችል ነገር ቢኖር ይኸው የፈቃድ ቁራሽ ነው።

ገበሬውስ ምን ያገኝ ነበር? ጥቅሙ አንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ተማሪው ለሞተው ዘመድ ዳዊት ይደግማል፤ የመጣ ደብዳቤ ያነብባል፤ የቤቱን ልጅ ፊደል ያስቆጥራል። ከሩቅ አገር ስለመጣም ወሬ ይዟል፤ የት ገበያ እንደ ተወደደ፣ የት በሽታ እንደ ገባ፣ የትኛው መስፍን ጦር እንዳነሣ በእርሱ በኩል ይሰማል። ፍርሃትም አልጠፋም፤ የተማሪ እርግማን ይደርሳል ተብሎ ስለሚታመን እጁን ባዶ የሚሰድደው ጥቂት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ የራሱ ልጅ በሌላ አገር በሌላ ሰው ደጃፍ ቆሞ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ወላጅ ለሰው ልጅ መቁረስ አይከብደውም። አንዱ መንደር የሌላውን ልጅ ይመግባል፤ ያኛውም በተራው የዚህኛውን።

ቁራሹን የሰጠችው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። እህሉን ሌሊት በድንጋይ ወፍጮ የፈጨችው፣ ውሃውን ከወንዝ የቀዳችው፣ እንጀራውን በጭስ ውስጥ የጋገረችው፣ ውሻውን ይዛ ተማሪውን ወደ ደጅ ያስጠጋችው እርሷ ናት። ልጇን ግን ወንድ ካልሆነ ወደዚያ ጉባኤ አትልክም። የቅኔ ቤት በሴቶች ጉልበት እየኖረ ደጁን ለሴቶች የዘጋ ቤት ነበር።

ጎጆውና ጉባኤው

ተማሪው ማደሪያውን ራሱ ይሠራል። እንጨቱን ከጫካ ቆርጦ፣ ሣሩን አጭዶ፣ ጭቃውን አቡክቶ ሁለት ሦስት ሰው የምታስጠልል ጎጆ ይቀልሳል፤ ወይም ትምህርቱን ጨርሶ የሄደ ተማሪ የተዋትን ይወርሳል። በአንድ ታዋቂ መምህር ዙሪያ እንዲህ ያሉ ጎጆዎች ተሰብስበው መንደር ይሆናሉ። መምህሩ ሲሞት ወይም ሲዛወር መንደሩ ይፈርሳል፤ ሣሩ ይበሰብሳል፤ ቦታው እንደገና ማሳ ይሆናል። ብዙ ታላላቅ ጉባኤዎች ዛሬ የሚታይ ፍርስራሽ እንኳ ሳይተዉ ያለፉት በዚህ ምክንያት ነው። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ቆሟል፤ ከዚያ ያላነሰ ሥራ የተሠራባቸው የቅኔ ጎጆዎች ግን አመድና ሣር ሆነው ቀርተዋል።

ጎጆው መኝታ ብቻ ነው፤ ትምህርቱ የሚካሄደው ደጅ ነው። ተማሪው ግሱን ይገሥሣል፤ እርባ ቅምሩን ያጠናል፤ አገባቡን ይለያል። ከዚያም ሁለት ስንኝ ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው እስከ ስምንት ስንኙ መወድስ ይወጣል። ቀን ቀን ለቆጠራ ብቻውን ወደ ዱር ወይም ወደ ገደል አፋፍ ይሄዳል። ነጠላውን ወይም ደበሎውን ተከናንቦ ቃል ከቃል እያጋጨ ሲያስብ ያየው እረኛ ያበደ ይመስለዋል። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ቅኔው ይታረማል፤ ስሕተቱ በጉባኤው መካከል ይነገራል፤ ያማረለትም በዚያው ይመሰገናል። ማታ መምህሩ ራሱ ቅኔ ነግሮ ምሥጢሩን ያፍታታል።

የቅኔ ዋና ሕግ አዲስነት ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አይቀርብም፤ የሌላውን ወስዶ ማቅረብም ነውር ነው። ስለዚህ በየዕለቱ የሚፈጠረው ሥራ በየዕለቱ ያልፋል፤ የሚቀረው ሰሚው በልቡ የያዘው ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ቅኔውና ጎጆው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ለዕለቱ የሚሠሩ ናቸው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው መሥራት መቻሉ ነው። ሰሙም ቢሆን ከቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ ባሻገር ከዚሁ ኑሮ ይቀዳል፤ ሞፈርና ቀንበር፣ ዘርና አጨዳ፣ እንግዳና ባለቤት፣ ሙላትና መሻገሪያ የቅኔ መሣሪያዎች ሆነው ኖረዋል። ተማሪው መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ጉባኤ ላይ ይፈለጋል።

ዋጋው

ይህን ሥርዓት በናፍቆት ብቻ ማየት ታሪክን ማሳሳት ይሆናል። ብዙ ልጆች ከቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም። ተስቦ በቅማል በኩል በአንዲት ጎጆ ውስጥ ከገባ አብረው የተኙትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ጉባኤ የተሰበሰበበት ቦታ ለበሽታው የተመቸ ነበር። ወንዝ የወሰደው፣ ውርጭ ያደረቀው፣ ውሻ የነከሰው ነበር። ትምህርት ቶሎ እንዲገባላቸው አብሾ ጠጥተው አእምሯቸው የተናወጠ ልጆች ታሪክም በየጉባኤው ይነገራል። የሞተው ተማሪ ስም የሚታወቀው በጓደኞቹ ብቻ ነው፤ እነርሱም የሚያውቁት በመጣበት አገር ነው። እናቱ መርዶውን የምትሰማው ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳትሰማ ትኖራለች።

የተዘጋው ደጅ አልፎ አልፎ መከፈቱንም ማስታወስ ይገባል። በ20ኛው መቶ ዓመት በጎጃም ጽላሎ የቅኔ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሴትም ዓይነ ስውርም ነበሩ። ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው፣ ከየአገሩ የመጡ ወንዶች ተማሪዎችን አስተምረዋል። የእርሳቸው ጉባኤ መኖር ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል። ለዘመናት «አይሆንም» የተባለው ነገር የሚሆን እንደ ነበረ አሳይተዋል። ከዚያም ጋር፣ ወላጅ አባቷ መምህር ያልሆነላት ሌላ ገላነሽ ስንት ጊዜ በወፍጮ ላይ ጎንብሳ እንደ ቀረች ማሰብ ግድ ይሆናል።

ከመንገዱ የወጡ

የዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለዚህ መንገድ ያለበት ዕዳ ትልቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ሰው በዛብህ ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ የሚደርስ የቤተ ክህነት ተማሪ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ደራሲው መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል። የጎጃም ገበሬ አነጋገር፣ የባላባቱ ቤት ሥርዓት፣ የደብተራው ጨዋታ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሕያው የሆነው፣ ከቤት ወደ ቤት የዞረ ተማሪ ከማንም በላይ የሰው ኑሮ ስለሚያይ ነው። የባላባቱን ግብዣ ከበር ላይ ቆሞ፣ የድኻውን ጎጆ ከውስጥ ገብቶ ያየ ሰው የኅብረተሰቡን መዋቅር ለማወቅ ሌላ መምህር አያስፈልገውም።

በቴአትር ረገድም ተመሳሳይ ነው። ከኢትዮጵያ ቴአትር አባቶች አንዱ የሆኑት ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነበሩ። የቅኔውን ጥበብ ይዘው አዲስ አበባ ገብተው ወደ መድረክ አዛወሩት። በተውኔቶቻቸው ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ነገር የሚናገረው፣ ተመልካቹም ወርቁን ለማግኘት የሚደክመው ያው የጉባኤው ልማድ ተከትሏቸው ስለ መጣ ነው። በ1959 ዓ.ም. በመንግሥቱ ለማ አዘጋጅነት የታተመው የአለቃ ለማ ኃይሉ የትዝታ መጽሐፍ ደግሞ የ19ኛውን መቶ ዓመት የሊቃውንትና የተማሪዎች ኑሮ በተናጋሪው በራሱ አንደበት አቆይቷል። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ባህላዊው ትምህርት የጻፉትንም ይኸው መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ ታትሟል። እነዚህ ሥራዎች ባይኖሩ ስለ መንገዱ የሚታወቀው ከዚህም ያነሰ በሆነ ነበር።

በሌላው ዓለም

በእግር መጓዝና ጥበብ የተገናኙት በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የጃፓኑ ባለቅኔ ባሾ እ.ኤ.አ. በ1689 ወደ አገሩ ሰሜናዊ ክፍል ለወራት በእግሩ ተጉዞ፣ በየማደሪያው አጫጭር ግጥም እየገጠመ የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ዛሬም በዓለም ይነበባል። በአውሮፓ ደግሞ ተራራ ለተራራ በጎጆ እያደሩ መጓዝ የመዝናኛ ልማድ ሆኖ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። የስዊስ የተራራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1863 ሲቋቋም በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ጎጆውን ሠራ። ዛሬ በአልፕስ ተራሮች ላይ የተዘረጋው የጎጆዎች መረብ ካርታ አለው፤ ጠባቂ አለው፤ የጎብኚ መዝገብም አለው። በጮቄ ዙሪያ የነበረውም መረብ ነበር። ልዩነቱ የአልፕሱ መንገደኛ ከድካም በኋላ ወደሚጠብቀው ኑሮ ሲመለስ፣ የጎጃሙ መንገደኛ መንገዱ ራሱ ኑሮው መሆኑ ነው። ሌላው ልዩነት የኋለኛው መረብ በካርታ ላይ ሳይሰፍር መቅረቱ ነው።

የተለወጠውና የቀረው

ከነፃነት በኋላ በደብረ ማርቆስ፣ ቀጥሎም በየአውራጃው ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ ቀድሞ ወደ ቅኔ ቤት ይሄድ የነበረው ብሩህ ልጅ ሌላ ደጅ አገኘ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከባለ ጉልት ቀንበር ሲያላቅቅ፣ የአድባራቱንም የመሬት ገቢ አስቀረ። ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ ቁጥር ጨምሮ የማሳው ስፋት ጠብቧል። በጮቄ ላይ የገብስና የድንች እርሻ ወደ ላይ ወጥቶ ጓሳውንና አስታውን ገፍቷል። ለጎጆ የሚሆነው ሣርና እንጨት እንደ ድሮው በነጻ አይገኝም። የቆርቆሮ ክዳን፣ የባሕር ዛፍ አጥርና የመኪና መንገድ የደጋውን መልክ ለውጠዋል።

ይህም ሆኖ የጎጃም ቅኔ ቤቶች አልተዘጉም። ዛሬም አኩፋዳ የያዘ ልጅ በመንደር ይዞራል፤ ዛሬም ቁራሽ የምትሰጥ እናት አለች። አንዳንድ ጉባኤዎች በማኅበራትና በግለሰቦች ዕርዳታ ቀለብና ማደሪያ አግኝተዋል። ይህ የሚደገፍ ነው፤ ልጅ በብርድና በተስቦ እንዲሞት የሚፈልግ የባህል ወዳጅ ሊኖር አይገባም። ሆኖም ቀለቡ በመጋዘን ሲተካ ከመንደሩ ጋር የነበረው ግንኙነት ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። ቅኔው የገበሬውን ቋንቋ የተማረው በገበሬው ደጅ ላይ ነውና።

ስለዚህ የቅኔ ቅርስ ሲመዘገብ በቴፕና በወረቀት የሚያዘው የመምህራኑ ድምፅ ብቻ መሆን የለበትም። የትኛው ጉባኤ የት እንደ ነበረ፣ ተማሪው በየት በየት እንደ ተጓዘ፣ የትኛው መንደር የትኛውን ጉባኤ እንደ መገበ ይመዝገብ። መምህራን በየትምህርት ቤታቸው ያሉ ተማሪዎች አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ ያድርጉ፤ በዚያ ደጋ ላይ ተማሪ ያላሳደረ ቤት ጥቂት ነው። ተውኔት ጸሐፊውም የቆሎ ተማሪውን ከውሻ ሲሸሽ ብቻ ከማሳየት አልፎ፣ ውሻውን የያዘችለትን ሴት ወደ መድረኩ ያውጣት። እርሷ ስንት ቅኔ እንደ መገበች አታውቅም፤ ቅኔውም በእርሷ ቋንቋ አልተነገረም። ወፍጮዋ ሌሊት ባይዞር ግን ዋሸራም ጎንጅም በዚያ ብርድ ላይ አንድ ክረምት አይሻገሩም ነበር።